ምዕራፍ ስድስት፦ የተራራ ቀይ ወይን ከራቤል ሲታይ

በሰሜን ሸዋ ባለችው በራቤል የወይን ግንድ አይበቅልም። ራቤል ያለችበት የግሼ ደጋ የሚያውቀው ገብስ፣ ባቄላና ምስር ነው። ሀብቱ በግ ነው፤ ብርዱንም የሚችለው ከበጉ ጠጉር በተሠራ ባና ነው። ቢሆንም ቅዳሴ ባለበት ዕለት ሁሉ በዚህ ደጋ ቤተ መቅደሶች የወይን ፍሬ ጭማቂ በጽዋ ይቀርባል። ፍሬው እዚያ አልተተከለም፣ እዚያም አልተለቀመም። ሞቃት አገር በቅሎ፣ ደርቆ፣ ከነጋዴ ወደ ነጋዴ ተሻግሮ፣ ዳገቱን ወጥቶ የመጣ ዘቢብ ነው።

በአውሮፓ ደግሞ የአልፕስ ተራሮች በሚባሉት ሰንሰለቶች ውስጥ በረዶ በማይለያቸው ጫፎች መካከል ሸለቆዎች አሉ። በእነዚህ ሸለቆዎች ቁልቁለት ላይ የወይን ግንድ ይበቅላል፤ ፍሬውም ቀይ፣ ጠንካራ፣ ዓለም የሚፈልገው ወይን ይሆናል። በረዶ የሚጭነው ተራራ ወይን ሲሰጥ በረዶ የማያውቀው የመንዝና የግሼ ተራራ ለምን ይነፍጋል? የዚህ ምዕራፍ ጥያቄ ይህ ነው። መልሱን ስናገኝ የአልፕስን ቀይ ወይን ብቻ ሳይሆን የራሳችንን ደጋና ቆላም በአዲስ ዓይን እናያለን።

ዘቢብ ዳገት ይወጣል

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ለመሥዋዕት የሚቀርበው ኅብስትና ወይን ነው። ወይኑ የግድ ከወይን ፍሬ የተገኘ መሆን አለበት፤ የማር ጠጅም ሆነ ሌላ መጠጥ ቦታውን አይተካም። የሚሰናዳውም ቤተ ልሔም በምትባለው ቤት ነው። ዘቢቡ ተለቅሞና ታጥቦ በንጹሕ ውኃ ይዘፈዘፋል። ውኃውን ጠጥቶ ሲለሰልስ ይታሻል፣ ይጨመቃል፣ ይጠለላል። የሚወጣው ጭማቂ ለዚያው ቅዳሴ የተዘጋጀ ስለሆነ ለመፍላትና አስካሪ ለመሆን ጊዜ አያገኝም።

ይህ አሠራር ረጅም ዕድሜ አለው። እ.ኤ.አ. በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል የመጣውና ስድስት ዓመት በአገሪቱ የቆየው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ ካህናቱ ዘቢብ በውኃ ዘፍዝፈው፣ ጨምቀውና አጥልለው ለቅዳሴ ሲያዘጋጁ አይቶ ጽፏል። ከትኩስ ፍሬ የሚጠመቅ ወይን ጠጅ በይፋ የሚሠራው በንጉሡና በጳጳሱ በአቡነ ማርቆስ ቤት ብቻ እንደ ነበረም መዝግቧል። ከእርሱ ሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት ያህል በኋላ የመጣው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስም ከጎንደር ብዙ በማይርቅ ስፍራ ጥሩ ወይን እንደሚጠመቅ ጽፏል። ስለዚህ የወይን ግንድ ለኢትዮጵያ አዲስ ተክል አይደለም። ጥንትም የነበረ፣ ግን ጥቂት ቦታ ብቻ የሚበቅልና ለጥቂት ሰው ብቻ የሚደርስ ተክል ነበር።

የቀረው አገር እንዴት ደረሰው? በማድረቅ ነው። ትኩስ የወይን ፍሬ ከክብደቱ ሦስት አራተኛው ወይም ከዚያ በላይ ውኃ ነው፤ ሙቀት ውስጥ በቀናት ይበሰብሳል፣ በአህያ ጭነት ላይ ይፈርጣል። ሲደርቅ ግን ውኃው ወደ 15 በመቶ ይወርዳል። የቀረው ስኳር በጣም የተጨመቀ ስለሚሆን ሻጋታና እርሾ ሊኖሩበት አይችሉም። ወደ አራት ኪሎ የሚጠጋ ትኩስ ፍሬ አንድ ኪሎ ዘቢብ ይሆናል። እንዲህ የቀለለና የማይበላሽ ሸቀጥ ወር ቢጓዝም አይከፋውም። ግንዱ መውጣት ያልቻለውን ዳገት ፍሬው ደርቆ ወጣው። ወይን እንዳይበቅልበት በተፈጥሮ የተወሰነ ደጋ ወይን የግድ የሚልን ሥርዓት ሳያጓድል የኖረው በዚህ ዘዴ ነው።

ቀዩ ቀለም ከየት ይመጣል?

ስለ ተራራ ወይን ከማውራታችን በፊት ቀይ ወይን እንዴት ቀይ እንደሚሆን ማወቅ ያስፈልጋል። የጥቁር ወይን ፍሬ ተሰንጥቆ ቢታይ በአብዛኛው ሥጋው ነጣ ያለ ነው። ቀለሙ ያለው ልጣጩ ላይ ነው። ከጥቁር ፍሬ ጭማቂው ብቻ ወዲያው ተጨምቆ ቢወሰድ ነጭ ወይን ሊወጣው ይችላል። ቀይ ወይን የሚገኘው ፍሬው ፈርጦ ጭማቂው ከነልጣጩና ከነፍሬው ዘር አብሮ ሲፈላ ነው።

በፍላቱ ጊዜ የሚሆነው ነገር ጠላ የጠመቀች እናት ሁሉ ጋኗ ውስጥ ያየችው ነው። እርሾ ስኳሩን ይበላል፤ አልኮልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሰጣል፤ አረፋ ይነሣል፣ ሙቀትም ይፈጠራል። በአንድ ሊትር ጭማቂ ውስጥ ያለ 17 ግራም ያህል ስኳር አንድ በመቶ አልኮል ይወጣዋል። ስለዚህ ባለ 13 በመቶ ወይን ለማግኘት በሊትር 220 ግራም ገደማ ስኳር ያጠራቀመ ፍሬ ያስፈልጋል። ልጣጩ በጋዙ እየተገፋ ወደ ላይ ይንሳፈፋል፤ ጠማቂዎቹ በቀን ደጋግመው ወደ ታች ይደፍቁታል፣ ወይም ከሥር ጭማቂ እየቀዱ ከላይ ያፈሱበታል። ቀለሙና ምላስን የሚያጣብቀው ታኒን የሚባለው ነገር የሚወጡት ያኔ ነው።

ፍሬው ላይ ሦስት ነገሮች አብረው መብሰል አለባቸው ማለት ነው፦ ስኳሩ፣ የልጣጩ ቀለምና ታኒኑ። አራተኛው ደግሞ አሲዱ ነው፤ እርሱ ፍሬው በበሰለ ቁጥር ይቀንሳል። አሲድ የሌለው ወይን ሞቶ የተኛ መጠጥ ነው፤ አሲዱ ከበዛ ደግሞ ጥርስ ያጠርሳል። ስኳርና ቀለምን የሚሰጠው የቀን ፀሐይና ሙቀት ነው። አሲዱን የሚጠብቀው የሌሊት ቅዝቃዜ ነው፤ ሌሊቱ ሲሞቅ ግንዱ አሲዱን እየተነፈሰ ይጨርሰዋል።

ተራራ ለቀይ ወይን የሚመቸው በዚህ ምክንያት ነው። ከፍ ባለ ቦታ ሰማዩ ጥርት ስለሚል ቀኑ ያቃጥላል፣ ሌሊቱ ይበርዳል። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር ቆዳ የሚያሳርረው አልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ፍሬውም ራሱን ለመከላከል ልጣጩን ያወፍራል፣ ቀለሙን ያበዛል። ከተራራ የወጣ ቀይ ወይን ቀለሙ የጠለቀ፣ አሲዱ የነቃ፣ ሽታው የጠራ ነው የሚባለው ከዚህ የተነሣ ነው።

ቫልቴሊና፦ በድንጋይ ካብ የተያዘ ተራራ

ከአልፕስ ወይን አብቃዮች አንዱን እንመልከት። በሰሜን ጣሊያን፣ ከስዊዘርላንድ ድንበር አጠገብ ቫልቴሊና የሚባል ሸለቆ አለ። አዳ የተባለው ወንዝ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ፈስሶበት ኮሞ ሐይቅ ይገባል። አልፕስ ውስጥ ብዙ ሸለቆ ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚወርድ ሲሆን ይህኛው አግድም የተኛ ነው። ስለዚህ የአንደኛው ወገን ቁልቁለት ከጠዋት እስከ ማታ ፊቱን ለደቡብ ፀሐይ ሰጥቶ ይውላል። ከጀርባው ያሉት ተራሮች የሰሜኑን ነፋስ ይከልሉታል፤ ከሐይቁ በኩል ደግሞ ለብ ያለ አየር ይገባል። ወይኑ የተተከለው በዚህ ፀሐይ በሚመታው ወገን ብቻ ነው።

ቁልቁለቱ ገደል ስለሆነ አፈሩ ብቻውን አይቆምም። ሰዎቹ በብዙ ትውልድ ድካም ያለ ጭቃና ያለ ሲሚንቶ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ደርድረው እርከን ሠሩ። አፈሩንም ከሸለቆው በጀርባቸው ተሸክመው ሞሉት። የሁሉም ካብ ርዝመት ሲደመር 2,500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው ይባላል። ካቡ አፈር ከመያዝ ሌላ ሥራም አለው። ድንጋዩ ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ለግንዱ ይመልሳል። ከአምስቱ የታወቁ የወይን ቦታዎች አንዱ ኢንፌርኖ ይባላል፣ ሲኦል ማለት ነው፤ በበጋ ድንጋዩ የሚያመጣው ሙቀት ያሰጠው ስም ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2018 የጣሊያንንና የሌሎች ሰባት የአውሮፓ አገሮችን ያለ ጭቃ ድንጋይ የመካብ ጥበብ በማይዳሰሱ የዓለም ቅርሶች መዝገብ አስፍሯል። የእኛ የኮንሶ እርከን ከሰባት ዓመት አስቀድሞ፣ በ2011፣ በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በድንጋይ ቤትና በድንጋይ አጥር ለሚኖረው መንዜም ይህ እንግዳ ጥበብ አይደለም።

ግንዱ ነቢዮሎ ይባላል፤ የሸለቆው ሰዎች ኪያቬናስካ ይሉታል። ዘግይቶ የሚበስል፣ ታኒኑ የበረታ፣ አሲዱ ከፍ ያለ ዘር ነው። ለቀማው ሁሉ በእጅ ነው፤ ማሽን አይወጣበትም፤ አንዳንዶቹ የፍሬውን ሣጥን በሄሊኮፕተር ያወርዳሉ።

አሁን ቁጥሩን እንመልከት። ይህ የተራራ ወይን የሚበቅለው ከባሕር ወለል በላይ ስንት ሜትር ላይ ነው? ከ270 ሜትር ገደማ እስከ 800 ሜትር አካባቢ ነው። ከአውሮፓ ከፍተኛ የወይን ማሳዎች አንዱ የሚባለው የስዊዘርላንዱ ቪስፐርተርሚነን እንኳ 1,150 ሜትር ላይ ያበቃል። በሰሜን ሸዋ ቆላ ያለችው ሸዋ ሮቢት ከዚያ በላይ ናት። አብዛኛው የአልፕስ ወይን ከሸዋ ሮቢት በታች ይበቅላል ማለት ነው።

ስሌቱ፦ ከፍታ ብቻውን ምንም አይናገርም

የወይን ግንድ ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲሆን ማደጉን ያቆማል። ጥሩ ወይን የሚወጣው ግንዱ ቅጠል ካወጣበት እስከ ለቀማ ባሉት ስድስት ሰባት ወራት አማካይ ሙቀቱ ከ13 እስከ 21 ዲግሪ በሆነበት ቦታ ነው። ወደ 13 የተጠጋው ለቀላል ነጭ ወይን ይሆናል፤ ጠንካራ ቀይ ከ16 ወይም 17 በላይ ይፈልጋል።

ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር ሙቀቱ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ያህል ይወርዳል። ከባሕር ወለል 1,640 ሜትር ገደማ ላይ ያለው፣ ዛሬ ወይን የሚበቅልበት ዝዋይ የዓመት አማካይ ሙቀቱ 20 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከዚያ ተነሥተን ወደ 3,000 ሜትር ብንወጣ 1,360 ሜትር ጨምረናል፤ ሙቀቱም 9 ዲግሪ ያህል ይወርዳል። 11 ዲግሪ ደረስን። የመንዝ አምባ በዚህ ከፍታና ከዚያም በላይ ነው፤ የጓሳ ሣር ምድር ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ይደርሳል። በዚህ ቅዝቃዜ ግንዱ ላይሞት ይችላል፤ ፍሬው ግን አይበስልም። በኅዳርና በታኅሣሥ የሚወርደው ውርጭ ደግሞ ለምለም ቀንበጡን ያቃጥለዋል።

እዚህ ላይ አንባቢ ይጠይቃል፦ የአልፕስ ክረምትስ ከመንዝ ውርጭ አይከፋም ወይ? ይከፋል። የዚያ አገር ክረምት በረዶ ነው። ልዩነቱ ያለው በጊዜው ላይ ነው። በአልፕስ ሸለቆ ዓመቱ ለሁለት ይከፈላል። በቅዝቃዜው ወራት ግንዱ ቅጠሉን አራግፎ ይተኛል፤ ብርዱ የተኛውን እንጨት ብዙም አይጎዳውም። በጋ ሲመጣ ግን ቀኑ ከ15 ሰዓት በላይ ይረዝማል፣ በሸለቆው ታች የሐምሌ አማካይ ሙቀት ከ20 ዲግሪ ያልፋል። ግንዱ ሥራውን ሁሉ በዚያ ሞቃት ወቅት ፈጽሞ በመስከረምና በጥቅምት ያስለቅማል።

መንዝ ከምድር ወገብ በስተሰሜን ወደ 10 ዲግሪ ላይ ስለሆነ ቀኑ ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት አካባቢ ነው። ሐምሌና ጥር በአማካይ ሙቀት ብዙም አይራራቁም። በጣም የሚቀዘቅዝ ክረምት የለውም፤ በጣም የሚሞቅ በጋም የለውም። ገብስ እንዲህ ያለውን አየር ይወደዋል፤ በግም ይስማማዋል። የወይን ግንድ ግን የሚፈልገው የሚሠራበት ሞቃት ወቅት እዚያ አይመጣም።

ስለዚህ የተራራ ወይን የከፍታ ሳይሆን የሙቀትና የሙቀት ጊዜ ጉዳይ ነው። አውሮፓዊው ወይን ለማግኘት ከተራራው ሥር ፀሐይ የሚመታውን ቁልቁለት ይመርጣል። እኛ ዘንድ ፀሐይ ሞልቷል፤ የምንፈልገው ከቆላው ንዳድ የምንርቅበትን፣ ወደ ውርጩ የማንደርስበትን መካከለኛ ከፍታ ነው። ሁለቱም መንገዶች ወደ አንድ የአየር ጠባይ ያደርሳሉ።

አልፕስ ውስጥም የራቤል ወንድም አለ። ከቫልቴሊና በስተሰሜን፣ ከተራራው ማዶ፣ ኤንጋዲን የሚባል ሸለቆ 1,800 ሜትር ላይ ተቀምጧል። ወይን አይበቅልበትም። የዚያ አገር ጌቶች ቫልቴሊናን እ.ኤ.አ. ከ1512 እስከ 1797 ገዝተዋል፤ ቀይ ወይኑም በበቅሎ ተጭኖ የተራራውን በር እያለፈ ወደ ሰሜን ይሻገር ነበር። ዛሬም የዚያ ደጋ ሰዎች የቆላውን ወይን እንደ ራሳቸው ይቆጥሩታል። ደገኛና ቆለኛ በወይን ሲተሳሰሩ የኖሩት እኛ ዘንድ ብቻ አይደለም።

የደረቀ ፍሬ ቀይ ወይን

ቫልቴሊና ከምታወጣቸው ወይኖች ሁሉ የበላይ ተደርጎ የሚታየው ስፎርዛቶ ነው። ይህ ወይን ከትኩስ ፍሬ አይጠመቅም። የተመረጡ ዘለላዎች ከተለቀሙ በኋላ ነፋስ በሚያገኘው ሰገነት ላይ በቆጥና በሣጥን ተዘርግተው ሁለትና ሦስት ወር ይቆያሉ። በላያቸው የሚያልፈው የተራራው ቀዝቃዛና ደረቅ አየር ነው። ፍሬው ከክብደቱ ሲሶ ያህሉን ያጣል፤ ይጨማደዳል፤ ስኳሩ፣ አሲዱና ቀለሙ ይጨመቃሉ። የሚፈጨው ታኅሣሥ አካባቢ ነው። ከዚያ ቀስ ብሎ ይፈላል፤ ከመሸጡም በፊት ቢያንስ 20 ወር ይቀመጣል፣ ከዚህም 12 ወሩ በእንጨት በርሜል ውስጥ ነው። አልኮሉ ከ14 በመቶ ማነስ የለበትም። ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ2003 ለዚህ ወይን ከፍተኛውን የጥራት ደረጃ ሰጥታዋለች።

የደረቀው ፍሬ ቫልቴሊናን ከራቤል ቤተ ልሔም ጋር ያገናኛል። ሁለቱም ቦታ ሰው የወይንን ፍሬ ያደርቃል፤ ዓላማቸው ግን ይለያያል። ቫልቴሊና የምታደርቀው ብርቱ መጠጥ ለመሥራት ነው፤ ስለዚህ ፍሬውን በከፊል ብቻ አድርቃ ታፈላዋለች። ቤተ ክርስቲያናችን የምትፈልገው ፈጽሞ የደረቀውን ነው፤ እርሱንም በውኃ አለስልሳ ሳይፈላ ታቀርበዋለች። አንዱ ስኳሩን ወደ አልኮል ይለውጣል፤ ሌላው ፍሬውን በተፈጥሮው ይጠብቃል። ለሁለቱም መሠረት የሆነው እውቀት አንድ ነው፦ ውኃው የወጣለት ፍሬ ዕድሜው ይረዝማል፣ ኃይሉም ይጨምራል።

የአልፕስ ልጅ በዝዋይ

በኢትዮጵያ ወይን ለገበያ መጠመቅ የጀመረው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ዛሬ አዋሽ ወይን ጠጅ የሚባለው ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ ተቋቋመ። በደርግ ዘመን ወደ መንግሥት እጅ ገባ፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ ለግል ባለሀብቶች ተሸጠ። ደረቁ ቀይ ጉደርና ጣፋጩ ቀይ አክሱማይት ከዚህ ቤት የወጡ ናቸው። ለብዙ ኢትዮጵያዊ ወይን ማለት እነዚህ ሁለቱ ነበሩ፤ ለሠርግና ለበዓል ጠረጴዛ የሚቀርበው ጠርሙስ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለቱ አንዱ ነበር።

ሁለተኛው ታላቅ እርምጃ በዝዋይ ተወሰደ። ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በ2007 እ.ኤ.አ. የፈረንሳዩን ባለሀብት ፒየር ካስቴልን ወይን እንዲያለማ ጋበዙ። ኩባንያው ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ዛሬ ባቱ በምትባለው በዝዋይ አካባቢ አሸዋማ መሬት ላይ ከቦርዶ ያመጣቸውን ችግኞች ተከለ። ሜርሎ፣ ካበርኔ ሶቪኞን፣ ሲራህና ነጩ ሻርዶኔ ናቸው። ጉማሬ፣ ጅብና ዘንዶ እንዳይገቡበት እርሻው ዙሪያውን ቦይ ተቆፈረለት። የመጀመሪያዎቹ ጠርሙሶች እ.ኤ.አ. በ2014 ስምጥ ሸለቆና ግራር የሚል ትርጉም ባላቸው ሁለት የእንግሊዝኛ ስሞች ገበያ ወጡ። ከፊሉ ወደ ውጭ ይላካል፤ በአውሮፓና በአሜሪካ ያሉ የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች ከጥብስና ከክትፎ ጋር ያቀርቡታል።

በዝዋይ የወይን ገበሬው ፈተና ከአልፕሱ ተቃራኒ ነው። ብርድ ስለሌለ ግንዱ በራሱ አይተኛም፤ ብትተወው ዓመቱን ሙሉ ቅጠል ያወጣል፣ ፍሬውም ወጥ ሆኖ አይበስልም። ስለዚህ የሚያስተኛውም የሚቀሰቅሰውም ሰው ነው። መስኖውን ይቀንስበታል፣ ከዚያ ቅርንጫፉን ይገርዘዋል፤ ከተገረዘበት ቀን ጀምሮ አዲሱ ዑደት ይነሣል። በእንዲህ ያለ አየር በዓመት ሁለት ጊዜ መልቀም ይቻላል። አስተዋይ ገበሬ ግን ፍሬው የክረምት ዝናብ ሳያገኘውና ሻጋታ ሳይወድቅበት እንዲደርስ ግርዘቱን ከደረቁ ወራት ጋር ያስማማዋል። አልፕስ ላይ የቀን መቁጠሪያውን የሚጽፈው በረዶ ነው፤ ዝዋይ ላይ የሚጽፈው የገበሬው መቀስ ነው።

የዝዋይ ማሳ ከአልፕስ ጋር የሥጋ ዝምድናም አለው። ሲራህ የሚባለው ጥቁር የወይን ዘር ከፋርስ መጣ፣ ከግብፅ መጣ እየተባለ ብዙ ይወራለት ነበር። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስና የሞንፔሊዬ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ዘረመሉን መርምረው ወላጆቹን አገኙ። አባቱ ከደቡብ ምሥራቅ ፈረንሳይ የመጣ ዱሬዛ የሚባል ጥቁር ወይን ነው። እናቱ ደግሞ ነጯ ሞንደዝ ናት፤ አገሯም ሳቭዋ፣ የፈረንሳይ አልፕስ ነው። ዛሬ በስምጥ ሸለቆ ፀሐይ የሚጠቁረው የሲራህ ዘለላ በእናቱ በኩል የተራራ ልጅ ነው። የአልፕስ ደም ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዚህ ግንድ ነው፤ የበቀለውም በደጋ ሳይሆን 1,640 ሜትር ላይ ነው። ቀደም ብለን የሠራነው ስሌት ይህን ይጠብቅ ነበር።

ለመንዝና ለመርሐቤቴ የሚቀር ሥራ

ከዚህ ሁሉ በመነሣት ራቤል ላይ የወይን ግንድ ተክሎ ቀይ ወይን መጠበቅ ከንቱ ድካም ነው። ተፈጥሮ ለገብስና ለበግ የሰጠችውን መሬት ከእነርሱ መቀማትም አይገባም። ሆኖም መንዝ በአምባ ብቻ የሚያልቅ አገር አይደለም። በምዕራብ በኩል መሬቱ ወደ ወንጭትና ወደ ጀማ ሸለቆ ይወርዳል፤ መርሐቤቴም በነዚሁ ሸለቆዎች ትዋሰናለች። በምሥራቅ ደግሞ ወደ ይፋት ቆላ ይዘቀዘቃል። ከአምባው ጫፍ በአንድ ቀን የእግር መንገድ ውርጩን ትቶ ወይና ደጋ፣ ከዚያም ቆላ መግባት ይቻላል። ለወይን የሚስማማው ከ1,500 እስከ 1,800 ሜትር ያለው ከፍታ በዚህ ቁልቁለት መካከል አለ፤ ድንጋይ መካብ የሚችል እጅም አለ።

ከፍታው መኖሩ ግን ለብቻው አይበቃም። አፈሩ ውኃ ያንጠፈጥፋል ወይ? በበጋ ግንዱን የሚያጠጣ ምንጭ ወይም ወንዝ በቅርብ አለ? የበልጉ ዝናብ ከለቀማው ጋር ይጋጫል? ለእነዚህ መልስ የሚሰጠው ሙከራ ነው። ደብረ ብርሃን የግብርና ምርምር ማዕከል አለ፤ ደብረ ዘይት ያለው ማዕከል ደግሞ በወይን ዘር ላይ ለዓመታት ሠርቷል። ሁለቱ ተባብረው በተለያየ ከፍታ ላይ ጥቂት ግንዶች ተክለው የሙቀቱን፣ የስኳሩንና የአሲዱን መዝገብ ለአራት አምስት ዓመት ቢይዙ ገበሬው በግምት ሳይሆን በእውቀት ይወስናል። የወይን ግንድ ጥሩ ፍሬ ለመስጠት ሦስት ዓመት ያህል ይፈልጋልና ሥራው ትዕግሥት ይጠይቃል።

በሙከራው ውስጥ አምባውም ድርሻ ሊኖረው ይገባል ብዬ አምናለሁ። ስፎርዛቶ እንዳስተማረን ፍሬን ለማጠውለግ ቀዝቃዛ፣ ደረቅና ነፋሻ አየር ይፈልጋል። ከኅዳር እስከ ጥር የመንዝ ደጋ አየር እንዲህ ያለ ነው። በቆላው የተለቀመ ፍሬ ደጋ ወጥቶ በነፋስ ቢደርቅ ምን ዓይነት ዘቢብ እንደሚሰጥ መሞከር ብዙ ገንዘብ አይፈጅም። ገበያውን ፍለጋም ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ከአጥቢያ እስከ አጥቢያ ዘቢብ የማይገዛ ቤተ ክርስቲያን የለም። ዛሬ ከሩቅ አገር የሚመጣው ፍሬ ከራስ ቆላ ቢመጣ ቤተ ክርስቲያኗ ያመረተውን ገበሬ ታውቀዋለች፤ ገንዘቡም በወረዳው ውስጥ ይዞራል።

የወይን ጠጅ ፋብሪካ ብዙ ገንዘብና ብዙ ባለሙያ የሚጠይቅ የኋላ ጉዳይ ነው። መጀመሪያ ግን ግንዱ ይተከል፣ ይለካ፣ ፍሬው ይድረቅ። በወንጭትና በጀማ ቁልቁለት መሬት ያላችሁ ገበሬዎች፣ የወረዳ ግብርና ባለሙያዎች፣ ሰበካ ጉባኤያትም፣ ሥራው የእናንተ ነው። ከአንድ እርከን ጀምሩት።